የጃፓን ጣፋጭ ለቡና ቁርስ፦ ወርሃዊውን ሳጥን ከማዘዝ እስከ መቅመስ

እናቴ ዮካን የቀመሰችው በዐቢይ ጾም ነው። ዮካን ከትንንሽ ቀይ ቦሎቄና ከስኳር ተሠርቶ የሚረጋ የጃፓን ጣፋጭ ነው። በስሱ ቆረጥኩና ከአቦሉ ጋር አቀረብኩላት። አላመጠች፣ ቆም አለች፣ አየችኝ። «ንፍሮ ላይ ስኳር የጨመረው ማነው?» አለች። በሚቀጥለው እሁድ ግን ቡናው ሲቀዳ «ያ የቦሎቄው ነገር አለቀ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የጃፓን ሳጥን ቤታችን መምጣት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ያዘዝኩት ለልጆቹ ነበር። አሁን በጉጉት የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ በተለይ በጾም። ብዙ ሰው ሳጥኑን የልጆች ከረሜላ አድርጎ ነው የሚያየው። ነገር ግን የጃፓን ባህላዊ ጣፋጮች፣ ዋጋሺ የሚባሉት፣ አብዛኞቹ ቅቤም ወተትም እንቁላልም አያውቁም። ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ ስኳር፣ ከባሕር አረም የሚወጣ ማርጊያ፤ በቃ። ኬክ በማይበላበት ወር ለቡና ቁርስ ከዚህ የሚሻል ነገር እኔ አላገኘሁም። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው ቡና ለሚፈላበት ቤት ነው።

1. ሳጥኑን መምረጥ

በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ሳጥን አለ። አንደኛው የዘመኑን ይልካል፦ ኪትካት፣ ፖኪ (ቸኮሌት የተቀባ ቀጭን ብስኩት)፣ ቺፕስ፣ ከረሜላ፣ አንዳንዴ ኑድልና ለስላሳ። ቶኪዮትሪት ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ባህላዊውን ይልካል፦ ሞቺ (የሚለጠጥ የሩዝ ጣፋጭ)፣ የሩዝ ብስኩት፣ ዮካን፣ ሻይ። ሳኩራኮ ከዚያኛው ወገን ነው፤ ከጣፋጩ ጋር እንደ ትንሽ ሰሃን ያለ የቤት ዕቃም ይጨምራል። ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ናቸው፣ የሚላኩትም ከጃፓን ነው።

ቤት ውስጥ ያሉት ልጆችና ወጣቶች ብቻ ከሆኑ የመጀመሪያውን ውሰዱ። ጾመኛ ወይም ቡና የሚያፈላ ሰው ካለ ሁለተኛውን። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ ባህላዊው ላይ ቀርቻለሁ።

ወሩንም አስቡበት። ጃፓኖች ጣፋጭን ከወቅት ለይተው አያዩትም። በጸደይ የቼሪ አበባ፣ በመከር ስኳር ድንች፣ በክረምት ደግሞ እንጆሪና ቸኮሌት ይበዛል። የቼሪ አበባው ሳጥን ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የሚደርሰው። አንድ ወር ብቻ ልሞክር ካላችሁ ያንን ወር ምረጡ።

2. ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

እዚህ ላይ እኔ ተቃጥያለሁ። አንድ ጊዜ «የአንድ ወር» የሚለውን መርጬ ከፈልኩ። በሁለተኛው ወር ሳልጠየቅ ገንዘብ ተቆረጠ። ተመልሼ ሳነበው ምዝገባው ራሱን በራሱ እንደሚያድስ ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፏል። ስለዚህ ሲከፍሉ የሚታደስበትን ቀን ፈልጉ፤ ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የሚጮህ ማስታወሻ ስልካችሁ ላይ ሙሉ። የዓመት ክፍያ ርካሽ ይመስላል፤ ግን ሳትቀምሱ አትግቡበት።

ቀረጥም አለ። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ላለ ጥቅል ትሰጠው የነበረው ነፃ መግቢያ በፈረንጆች ኦገስት 29 ቀን 2025 ተቋርጧል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ትንሹ ጥቅል ሳይቀር ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል። ዋጋው ቀረጡን ይጨምራል ወይስ በር ላይ ትጠየቃላችሁ? ይህን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

3. ሳጥኑ ሲደርስ

ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ከባድ ነው፤ ግን የመጀመሪያው ቀን ላይ ምንም አትቅደዱ። ሁሉንም አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ውስጡ ያለውን መጽሔት ፈልጉና እያንዳንዱን ጣፋጭ ከስዕሉ ጋር አገናኙ። የት አገር እንደተሠራ፣ ምን እንደያዘ፣ አለርጂ የሚያመጣ ነገር እንዳለው እዚያ ይጻፋል።

ከዚያ የሚያልፍበትን ቀን ተመልከቱ። ጃፓኖች ቀን ሲጽፉ ዓመት ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፣ ቀን መጨረሻ ነው። 26.03.05 ካለ 2026፣ ወር 3፣ ቀን 5 ማለት ነው። ከኋላ ወደ ፊት ያነበበ ሰው ጥሩውን ዕቃ ድሮ ያለፈበት መስሎት ይጥለዋል። አንዳንዱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይጻፋል። የአሁኑ ዘመን ሬይዋ ይባላል፤ የጀመረው በ2019 ነው። የሬይዋ ዓመት ላይ 2018 ስትደምሩ የፈረንጁን ታገኛላችሁ። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዘን ላደግን ለእኛ ይህ ቀላል ሒሳብ ነው።

ቀኑ ራሱም ሁለት ዓይነት ነው። «ሾሚኪገን» ጣዕሙ ጥሩ የሚሆንበት ጊዜ ነው፤ በጥቂት ቀን ቢያልፍ ብስኩት አይጎዳም። «ሾሂኪገን» ግን የደኅንነት ነው፤ ካለፈ አይበላም። ሳጥን ውስጥ የሚመጣው አብዛኛው የመጀመሪያው ነው። ቀናቸው የሚቀርበውን ከፊት አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ሞቺና በክሬም የተሞሉ ኬኮች ይቀድማሉ፤ ከረሜላና የሩዝ ብስኩት ይቆያሉ።

4. የኋላውን ጽሑፍ ማንበብ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ጉግል ሌንስ ወይም ሌላ በካሜራ የሚተረጉም መተግበሪያ ክፈቱና የማሸጊያውን ጀርባ አሳዩት። ወደ አማርኛ ከማስተርጎም ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎም የጠራ ውጤት ሲሰጥ አይቻለሁ። ማሸጊያው የሚያብረቀርቅ ከሆነ መብራቱን ከጎን አድርጉ።

አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ይህን ያዙ። የጃፓን ሕግ የግድ እንዲጻፉ ካደረጋቸው ነገሮች ውስጥ እነዚህ ይገኛሉ፦ እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፣ ሽሪምፕ፣ ክራብ፣ ዋልነት፣ እና ሶባ የሚባለው የኑድል እህል። ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ የአሳማ ሥጋና ጄላቲን ከአለርጂ አንፃር እንዲጻፉ ይመከራል እንጂ ከእነዚህ ግዴታዎች ጋር አልተቆጠሩም። ስለዚህ የአለርጂው ሠንጠረዥ ባዶ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሙሉውን ዝርዝር አንብቡ።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። አሳማ አለው? ለጾም ይሆናል? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ከጠረጴዛችን ዙሪያ ይቀመጣል፤ የማይበላውን ሳያውቅ እንዲበላ ማድረግ ትልቅ በደል ነው። በደንብ የማያቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

የሚለጠጥ ከረሜላና ማርሽማሎው። የሚያለጥጠው ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ጄላቲኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው። ምንጩ ካልተጻፈ ለጥንቃቄ አታቅርቡት።

ቺፕስና የበቆሎ ዱላ። ድንች ብቻ ይመስላል። ቅመሙ ውስጥ ግን የአሳማ ወይም የዶሮ ጭማቂ ይገባል። ጃፓንኛው አሳማን «ቡታ» ይላል፤ ትርጉሙ ላይ «ፖርክ ኤክስትራክት» የሚል ከወጣ ያ ነው። ኡማይቦ የምትባለው የልጆች ዱላም ብዙዎቹ ጣዕሞቿ ወተት ወይም የሥጋ ቅመም አላቸው።

የሩዝ ብስኩት። ሰንቤይ ይባላል፤ ሩዝና አኩሪ አተር ነው፤ ጥሩ የጾም ነገር ነው። ሆኖም አንዳንዱ ላይ «ካትሱኦ» የሚባል የደረቀ ዓሣ ጣዕም ይጨመራል። ዓሣ በጾም የማይበላበት ቤት ከሆነ ይህን ቃል ፈልጉ። ካፓ ኤቢሰን የሚባለው ከ1964 ጀምሮ የሚሸጥ ዝነኛ ብስኩት ደግሞ ስሙ ውስጥ ያለው «ኤቢ» ሽሪምፕ ማለት ነው። እኛ ቤት አይገባም።

የክረምት ቸኮሌት። አንዳንዱ ውስጥ እውነተኛ አልኮል አለ። ራሚና ባካስ የሚባሉት በብርድ ወራት ብቻ የሚወጡ ናቸው፤ ልጅ እጅ እንዳይገቡ።

ዋጋሺም ቢሆን ሁሉም ጾም አይደለም። ዶራያኪ ቦሎቄ በመሃል የያዘ ፓንኬክ ነው፤ ቂጣው እንቁላል አለው። ካስቴላ እንቁላል የበዛበት ኬክ ነው። አንዳንድ ሞቺም ለልስላሴ የእንቁላል ነጭ ይጨመርበታል። ዮካን ግን ቦሎቄ፣ ስኳርና ካንተን ነው። ካንተን ከባሕር አረም የሚወጣው ማርጊያ ነው። ለዚህ ነው የእናቴ የሆነው።

ካነበባችሁ በኋላ ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ የጾም፣ የፍስክ፣ ከቤት የሚወጣ። እኔ እስክሪብቶ አንስቼ «ጾ» ብዬ ማሸጊያው ላይ እጽፋለሁ። ለእንግዳ ሲቀርብ ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

5. የመቅመስ ተራ

አንድ ቀን ላይ ከአራት ወይም ከአምስት ዓይነት በላይ አትክፈቱ። ምላስ ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ስኳር ብቻ ይሆናል። ትልቁን በቢላ ቁረጡት፤ ለሰው አንድ ጉርሻ ይበቃል።

ከቀላሉ ጀምሩ። መጀመሪያ ጨው ያለው የሩዝ ብስኩት፣ ቀጥሎ ቦሎቄና ሞቺ፣ ቀጥሎ ፍራፍሬ፣ ቸኮሌት ከዚያ በኋላ። መጨረሻ ላይ ኃይለኞቹ፦ ኡሜቦሺና ዋሳቢ። ኡሜቦሺ በጨው የተቀመጠ ኮምጣጣ ፍሬ ነው፤ ፊት ያኮማትራል። ዋሳቢን ደግሞ በርበሬ ለምዶልኛል ብላችሁ አትናቁት። በርበሬ ምላስ ላይ ነው የሚቀረው፤ ዋሳቢ ወደ አፍንጫ ይወጣል። የሚመስለው ሰናፍጭን ነው፤ የሚያቃጥላቸውም ንጥረ ነገር አንድ ነው። ሰናፍጭ የለመደ ሰው አይደነግጥም።

ስትቀምሱ ከጣዕሙ በፊት አፋችሁ ውስጥ የሚሰማችሁን አስተውሉ። ጃፓኖች ለዚህ ብዙ ቃል አላቸው። ቀለል ብሎ የሚሰበረው «ሳኩ ሳኩ» ነው፤ እንደ ቀጭን ቅጠል የሚሰነጠቀው «ፓሪ ፓሪ»፤ ለስልሶ የሚለጠጠው «ሞቺ ሞቺ»። እኛም «ኩርሽም ኩርሽም» የምንል ሕዝብ ነን። ልጆቹን «ይሄኛው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ በጣም ይወዱታል።

6. ቦሎቄውንና ሞቺውን እንዴት መልመድ

ሰው ሳጥኑን ጠልቶ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። የጃፓን ጣፋጭ ልቡ አንኮ ነው። አዙኪ የሚባል ትንሽ ቀይ ቦሎቄ ተቀቅሎ ከስኳር ጋር ይሠራል። የእኛ አፍ ጥራጥሬን የሚያውቀው በጨው፣ በሽንኩርት፣ በበርበሬ ነው። ሽሮ ነው፣ ንፍሮ ነው፣ ቆሎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉርሻ ግራ ያጋባል። አይዟችሁ፣ ስሕተቱ የአፋችሁ አይደለም።

ሦስት ጊዜ ዕድል ስጡት። የመጀመሪያው ቀን ላይ ጣት የሚያህል ስስ ዮካን ብቻ፣ ያለ ስኳር ከተቀዳ ቡና ጋር። የቡናው ምሬት የቦሎቄውን ጣፋጭ ይቆርጠዋል። ይህ የእኔ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ ናጎያ በምትባለው ከተማ ቡና ቤቶች ውስጥ ኦጉራ ቶስት የሚባል ዳቦ በቅቤና በአንኮ ተቀብቶ ከቡና ጋር ይቀርባል። ጃፓኖች የእኛንም ቡና «ሞካ» ብለው ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ሁለቱ ተስማሚ ናቸው።

ከተቻለ ከተፈጨው ጀምሩ። «ኮሺአን» ተጣርቶ የለሰለሰ ነው። «ጹቡአን» የቦሎቄው ቅርፊትና ፍሬ ያለበት ነው፤ እሱ ለሁለተኛው ወር ይቆይ።

ሞቺ ከሚያጣብቅ ሩዝ የሚሠራ ነው። እባካችሁ በጥንቃቄ። በጃፓን በየአዲስ ዓመቱ ሞቺ ጉሮሮአቸው ላይ ተጣብቆ የሚሞቱ አረጋውያን አሉ፤ የቶኪዮ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት በየጊዜው ያስጠነቅቃል። ለአያቶችና ለትንንሽ ልጆች በጣም አሳንሳችሁ ቁረጡ፣ ቀድመው ትንሽ ይጠጡ፣ ቁጭ ብለው ያኝኩ፣ አጠገባቸው ሁኑ። ኮንያኩ የሚባለው ጠንካራ ጄሊም እንዲሁ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። እሱን ለልጅም ለአረጋዊም ጭራሽ አትስጡ።

አንዳንድ ሞቺ ላይ ቢጫ ዱቄት ይነሰነሳል። ኪናኮ ነው፤ የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት። ማሸጊያውን ስከፍት የእናቴ ፊት ወዲያው በራ። «ይሄማ በሶ ነው» አለች። ሽታው እውነትም የበሶ ነው። ወደ አፍ ስታስገቡ ትንፋሽ አትሳቡ፤ እንደ በሶው ትን ይላል።

የቼሪ ሞቺ በቅጠል ተጠቅልሎ ከመጣ ቅጠሉ በጨው የተቀመጠ ነው፤ አብሮ ይበላል። ጨውና ስኳሩ አብረው ሲመጡ ነው ጣዕሙ የሚገባው።

ጥቅሉ ውስጥ የምታገኟት ትንሽ ነጭ ከረጢት ግን ምግብ አይደለችም። እርጥበት ወይም አየር የምትመጥ ናት። ለልጆች አስቀድማችሁ አሳዩአቸው።

7. ሻይና ቡና

ጃፓኖች በሻይ ሥርዓታቸው ጣፋጩን የሚበሉት ከሻዩ በፊት ነው። አፍ ጣፍጦ እያለ መራሩ ማቻ፣ የተፈጨው አረንጓዴ ሻይ፣ ይመጣል። ሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴ ሻይ ካለ እንዲህ አድርጉት፦ ውሃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይቀዝቅዝ፣ 80 ዲግሪ ገደማ ይድረስ። የሚንተከተክ ውሃ መራራ ያደርገዋል። ስኳር አትጨምሩ፤ ስኳሩ ቅድም በልታችሁታል።

ሆጂቻ የተቆላ ሻይ ነው፣ የፈላ ውሃ ይችላል። ሙጊቻ ደግሞ ከተቆላ ገብስ የሚፈላ ነው፤ ቤቱ የገብስ ቆሎ ቆሎ ይላል። ካፌይን የለውም። ማታ ቡና ለማይጠጣ ሰው ይህን ስጡት።

በእኛ ሥርዓት ደግሞ እኔ እንዲህ እደረድራለሁ። ከአቦል ጋር የሩዝ ብስኩት፣ ምክንያቱም ቆሎ ለምዶ ለነበረ እጅ ቅርብ ነው። ካኪ ኖ ታኔ የሚባለው ጨረቃ የመሰለ የሩዝ ፍሬ ከኦቾሎኒ ጋር ከመጣ ከቆሎ አይለይም፤ ትንሽ ያቃጥላልም። ከቶና ጋር ቦሎቄውና ሞቺው።

8. የልጆቹ ድርሻ

ልጆች ፖኪ ይወዳሉ። ከ1966 ጀምሮ አለ። ከመብላታቸው በፊት የኪትካትን ታሪክ ንገሯቸው፤ ጃፓንኛ ላይ «ኪቶ ካትሱ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል፣ «በእርግጥ ታሸንፋለህ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ተማሪ ፈተና ሲቀርብ ይሰጠዋል። ልጄ የሒሳብ ፈተና ሲኖራት አረንጓዴውን የማቻ ኪትካት ቦርሳዋ ውስጥ እከትላታለሁ።

ሳጥኑ ውስጥ ዱቄትና ትንሽ ሳህን ያለበት ጥቅል ከመጣ ራሳቸው የሚሠሩት ጣፋጭ ነው። የሚያስፈልገው ውሃ ብቻ ነው። ጽሑፉን አትተርጉሙ፤ ስዕሎቹን በቁጥር ተራ ይከተሉ። የውሃውን ልክ መለካት ላይ ብቻ እርዷቸው፤ ውሃ ከበዛ አይረጋም።

9. የተረፈውን ማስቀመጥ

የሩዝ ብስኩት ጠላቱ እርጥበት ነው። ጥብቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ፣ ከነዚያችው ነጭ ከረጢት ጋር።

ሞቺን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ። እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ እንደሚደርቀው ይደርቃል። ቀኑ ከደረሰ ፍሪዘር ይሻላል፤ ሲፈለግ አውጥቶ በክፍሉ ሙቀት ማቅለጥ ነው። የጠነከረ ካገኛችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ 10 ሰከንድ፣ ከዚያ አይበልጥ፣ ይፈሳል።

ቸኮሌት በመንገድ ቀልጦ እንደገና ከረጋ ላዩ ይነጣል። ስቡ ነው የወጣው፤ ሻጋታ አይደለም፤ ይበላል።

የወደዳችሁትን ማሸጊያ አትጣሉ። ፎቶ አንሱት። ኤች ማርት ወይም ሚትሱዋ የሚባሉት የእስያ ምግብ መደብሮች ስትሄዱ ያንኑ በትልቁ፣ ያለ መላኪያ ዋጋ ልታገኙት ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ሳጥኑን ለጥቂት ወር አቁማችሁ እንደገና መጀመር ትችላላችሁ። እኔ በገና ጾምና በዐቢይ ጾም ብቻ ነው አሁን የማዝዘው።

10. ለበረካ የሚቀር

በደንብ ዕድለኛ ከሆናችሁ ኮንፔይቶ ይመጣላችኋል። ጉብጉብ ያለች የስኳር ኮከብ ናት፤ ከጣት ጫፍ ታንሳለች። ስሟ ከፖርቱጋልኛ ነው የመጣው። ፖርቱጋሎች ጃፓን የደረሱት በ1543 ነው፤ ክሪስቶፎ ዳ ጋማ ወታደሮቹን ይዞ ምጽዋ ከወረደ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1569 አንድ ሚሲዮናዊ ኦዳ ኖቡናጋ ለሚባለው የጃፓን የጦር መሪ ኮንፔይቶ እንደሰጠው ይታወቃል። ያች ትንሽ ኮከብ እስካሁን በእጅ ሥራ የሚሠሯት ቤቶች አሉ፤ በትልቅ ጋለ ያለ መጥበሻ ላይ የስኳር ውሃ እየተጨመረባት፣ እየተንከባለለች፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል።

ስኳርና ውሃ ብቻ ስለሆነች ትጾማለች። ስለማትበላሽም ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣታለሁ። በረካው ሲቀዳ በእያንዳንዱ ሲኒ ጎን ሁለት ሁለት አደርጋለሁ። አትንከሷት። ምላስ ላይ አድርጓትና ቡናውን ጠጡ፤ ሲኒው ሲያልቅ እሷም ታልቃለች።